ሞተሪኖና ጎረቤት

ከአምስቱ ዓመት ወረራ ምን ተረፈን ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ድልድይና መንገድ፣ ሕንፃና ማኪያቶ ይቆጥር ይሆናል። እኔ ግን ጠያቂውን እጁን ይዤ ወደ አንድ ጋራዥ እወስደው ነበር። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ... ልብሱ በዘይት የጠቆረ፣ ሮምን በካርታ እንኳ ፈልጎ የማያውቅ ወጣት ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲናገር ይውላል፤ ጣሊያንኛ እየተናገረ መሆኑን ግን ልብ አይልም። ከእነዚህ ቃላት ሁሉ እኔን የሚማርከኝ «ሞተሪኖ» የሚለው ነው። ትርጉሙ ትንሿ ሞተር ማለት ነው። በትልቁ ሞተር ጎን ተጠግታ የምትኖር፣ በቀን ውስጥ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ የማትሠራ፣ ሥራዋን እንደጨረሰች የምትረሳ ትንሽ ሞተር። ስሟን የምናነሳው ስትታመም ብቻ ነው።

ለመሆኑ ትልቁ ሞተር ትንሿን ለምን ይፈልጋል? ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን የሚበላ ሞተር አየርና ነዳጅ የሚስበው እየዞረ ነው፤ የሳበውን የሚጨቁነው እየዞረ ነው፤ የሚያቀጣጥለውም እየዞረ ነው። ካልዞረ አይነድም፤ ካልነደደም አይዞርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ስጦታ ነው። ብርታቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን ራሱን በራሱ ያስነሳ የቤንዚን ሞተር የለም። ጥንት ይህን ስጦታ የሚሰጠው ማኖቬላ የሚባል የብረት እጀታ የያዘ የሰው ክንድ ነበር። እጀታው አንዳንዴ ወደ ኋላ ይመታል፤ ሲመታም አንጓ ይሰብር ነበር።

ይህን ነገር የለወጠው ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ዕድሜውን ከባንክ መስኮት ጀርባ ገንዘብ በመቁጠር ለሚያሳልፍ እንደኔ ላለ ሰው የዚህ መሐንዲስ ታሪክ የተለየ ጣዕም አለው። ኬተሪንግ ወደ መኪና ከመግባቱ በፊት ዴይተን በምትባል የኦሃዮ ከተማ፣ የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ነበር፤ ማሽኑን በእጅ ከመዘወር ያላቀቀችውን የኤሌክትሪክ ሞተር የሠራ እርሱ ነው። የገንዘብ መሳቢያ ሞተር ቀኑን ሙሉ መዞር አይጠበቅባትም፤ ለአንድ አፍታ በርትታ ታርፋለች። ለአፍታ ብቻ የምትሠራ ሞተር ደግሞ አካሏ ትንሽ ቢሆንም ከመጠኗ በላይ ልትሸከም ትችላለች። ይኸው ሐሳብ ወደ መኪና ተሻገረና እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሰው ማኖቬላ ሳይነካ ብቻውን መኪናውን አስነስቶ መሄድ ቻለ። «ብቻውን» የምትለዋን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

የእኛ ቤት መኪና ቮልስዋገን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች፣ 34 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ በውሃ ሳይሆን በነፋስ የምትቀዘቅዝ። አባባ በ1971 ዓ.ም. ሲገዛት አሮጌ ነበረች። የዚህ ዓይነት ቮልስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከቁጥሩ ይልቅ አንዲት ቀን ትበልጥብናለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አባባ ይህን ለእንግዳ ሁሉ ያወራ ነበር፤ ወንበሩን አንስቶ ባትሪውን ያሳይና «ታሪክ የተቀመጠው እዚህ ላይ ነው» ይል ነበር።

ሞተሪኖዋ መታመም የጀመረችው አባባ በሕይወት እያለ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ ታስቸግር ነበር፤ ቀጥሎ በብርድም፤ በመጨረሻ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብላ ዝም ማለት ጀመረች። አባባ ይህን እንደ ችግር አልቆጠረውም። ቤታችን ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ከቁልቁለት አናት ላይ ነበር። ማታ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማታል፤ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ከኋላ ይነኳታል፤ ትነሳለች። አንድ ቀን ለምን እንደማያሠራት ብጠይቀው፣ «ጎረቤት ያለው ሰው ሞተሪኖ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ቀልድ ነው ብዬ ሳቅሁ። እርሱ ግን አልሳቀም።

በግፊት ማስነሳት የራሱ ሥርዓት አለው። ቁልፉ ይከፈታል፤ ማርሽ ሁለተኛ ላይ ይገባል፤ ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ይረገጣል፤ ገፊዎቹ ከኋላ እጃቸውን ያሳርፋሉ። ባዶዋን ከ700 ኪሎ በላይ የምትመዝን መኪና መጀመሪያ ላይ እንቢ ትላለች፤ ከዚያ ጎማዋ አንድ ክንድ ያህል ይንከባለላል፤ ከዚያ እርምጃው ሩጫ ይሆናል። ፍሪሲዮኑ በድንገት ሲለቀቅ ጎማው ካምቢዮውን፣ ካምቢዮው ሞተሩን ይዞራል፤ ሞተሩም አንድ ጊዜ አስሎ ይነሳል። ሹፌሩ ቤንዚን ሰጥቶ በመስኮት እጁን ያወጣል፤ ገፊዎቹ የሱሪያቸውን አቧራ እያራገፉ ይመለሳሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ምሳሌ እውነትነቱ የገባኝ በቮልስ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢገፋት ወገቡን ይሰብረዋል፤ አራት ሆነው ሲገፏት ግን ይሳሳቃሉ፤ የትናንቱን ኳስ ያወራሉ፤ የማን እናት እንደታመመች፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ በዚያች ሃያ ሜትር ውስጥ ይነጋገራሉ። ባንክ ቤት ከመግባቴ በፊት የሰፈሩን ዜና የምሰማው በመኪናዋ የኋላ መስኮት በኩል ነበር። አባባ ካረፈ በኋላም ነገሩ እንዲሁ ቀጠለ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ለአዲስ ግንባታ ሲፈርስ ሰፈራችንም አብሮ ተነሳ። እኛ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ከግቢያችን ሰዎች አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በደቡብ፣ ሌላው ደግሞ ልጁ ዘንድ ገባ። የወጣን ዕለት ልጆቹ ለመጨረሻ ጊዜ ገፉን። ሲገፉን እንደ ወትሮው አልተሳሳቁም። ሞተሩ ሲነሳ በመስኮት እጄን አወጣሁ፤ እማዬ ግን ዞራ አላየችም።

አዲሱ መኖሪያችን መልካም ነው፤ ውሃው አይጠፋም፤ ፀሐዩ በረንዳው ላይ ይውላል። መኪና ማቆሚያው ግን እንደ ምጣድ ሜዳ ነው። ሰዉም ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ገና ሳይነጋ ታክሲና አውቶቡስ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው እንዴት ብዬ «ና ግፋልኝ» እለዋለሁ? አንድ ሁለት ጊዜ ዘበኛውና አንድ ተማሪ ገፉልኝ። በሜዳ ላይ ሁለት ሰው አይበቃም። ተማሪው እያለከለከ፣ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ለምን አያሠሯትም?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። አባባ የሰጠኝ መልስ ግን በዚያ ግቢ ውስጥ አይሠራም።

ነገሩን አጣዳፊ ያደረገው ዕድሩ ነው። የሰፈራችን ዕድር ሰፈሩ ሲፈርስ አልፈረሰም። ድንኳኑና ወንበሩ አንድ አባል ግቢ ተከማችቶ ሰዉ በወር አንድ እሑድ ይሰበሰባል፤ ሰው ሲሞትም ከያለበት ይመጣል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ከእኛ ቤት ዕድሩ እስከሚሰበሰብበት ድረስ ሦስት ታክሲ ነው፤ በየመሳፈሪያው ሰልፍ አለ። አንድ እሑድ መኪናዋ እንቢ አለች። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ወርኃዊ መዋጮዋን በመሐረብ ቋጥራ ጋቢና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደች፤ ደረጃውንም አንድ በአንድ እያረፈች ወጣች። ምንም አላለችም። ማክሰኞ ዕለት ከድሮ ጎረቤቶቻችን አንዷ ማረፋቸውን ሰማን፤ የተቀበሩት ሰኞ ኖሯል። በዕድሩ እሑድ ታመው እንደነበር ሁሉም ሰው ሲነጋገር ውሎ ነበር።

ዘመድ ወዳጅ ምክር አላነሰኝም። ወንድሜ፣ «ሽጣትና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ግዛ» አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ በግቢያችን ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። እነዚህ መኪኖች ሞተሪኖ የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሆኖ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን ዙር የሚለግሰው ሌላ አይፈልግም። አደንቃቸዋለሁ፤ ዋጋቸው ግን ከእኔ ደሞዝ ጋር ሰላምታ የለውም። ሌላው ወዳጄ ደግሞ ወደ 12 ቮልት እንድለውጣት መከረኝ። የእኛ ቮልስ ባለ 6 ቮልት ናት። በሶማሌ ተራ የ12 ቮልት ሞተሪኖ ይገኛል፤ የ6 ቮልቷን ማግኘት ግን መከራ ነው። ሆኖም የ12ቷን አምጥቶ እንዲሁ መግጠም አይቻልም። የባለ 6 ቮልቷ ቮላኖ ጥርስ 109 ነው፤ የ12ቷ 130። ቮላኖው ከተለወጠ ፍሪሲዮኑም ይለወጣል፤ የካምቢዮው ቤት ከውስጥ ይሞረዳል፤ ዲናሞው፣ ባትሪው፣ አምፖሉ ሁሉ ተራ በተራ ይከተላል። አንዲት ትንሽ ሞተር ለመለወጥ ሲባል ግማሽ መኪና ይለወጣል።

በመጨረሻ ከግቢያችን ብዙም ሳይርቅ አንድ አዛውንት መካኒክ አገኘሁ። ገና ሞተሩን ሳያዩ፣ «ተገፍታ ነው የመጣችው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ዓመት ተገፋች?»

«አሥር ሳይሞላው አይቀርም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የገፏት የት ሄዱ?»

ሰፈሩ መፍረሱን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መለኪያቸውን አንስተው ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ።

ምርመራቸው እንደ ጥሩ ሐኪም ከቀላሉ ተነስቶ ወደ ከባዱ የሚሄድ ነበር። ባትሪውን ለኩ፤ 6 ነጥብ 3 አነበበ፤ ጤነኛ ነው። ቀጥለው የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን እንዳዞር አዘዙኝ። መብራቱ ሊጠፋ እስኪደርስ ደከመ፤ ሞተሪኖዋ ግን አልዞረችም። «መብራቱ ሳይደክም ዝም ብትል ኖሮ እሳቱ አልደረሳትም እንል ነበር፤ እንዲህ ከደከመ ግን እየደረሳት ነው፤ የያዛት ነገር አለ» አሉ። ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን የነጌቲቭ ገመድ ፈትተው ዝገቱን በብረት ብሩሽ አጸዱ። ለተመሳሳይ ጉልበት የ6 ቮልት መኪና ከ12 ቮልቷ እጥፍ ከረንት ስለምትስብ፣ ሌላዋን የማያስነጥስ ዝገት እርሷን አልጋ ላይ ይጥላታል። ትንሽ ለውጥ መጣ፤ አልበቃም።

ሞተሪኖዋ መውረድ አለባት ተባለ። የቮልስ ሞተሪኖ ከካምቢዮው በስተቀኝ በሁለት ብሎን ትታሠራለች። የታችኛው ይታያል። የላይኛው ዳዶ ግን የሚገኘው ከሞተሩ ክፍል በኩል፣ ከነፋስ መስጫው ኋላ፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነው፤ በዳሰሳ ብቻ ይያዛል። አንድ ሰው ከላይ ሲይዝ ሌላው ከታች ይፈታል። የዕለቱ ረዳታቸው ስላልነበረ ከላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። እጄን እስከ ክርኔ ድረስ በጨለማው ውስጥ ሰድጄ፣ የማላየውን ብረት ይዤ፣ ከመኪና ሥር የሚመጣውን ድምፅ እጠብቅ ነበር። «ያዝ... ያዝ... ልቀቅ!» አባባ ይህን ዳዶ ስንት ጊዜ ነክቶት ይሆን? መቼም የእኛ ቤት መኪና ስለሆነች ከእርሱ በኋላ ሌላ እጅ እዚያ አልገባም።

ወርዳ ስትከፈት ካርቦኖቿ አልቀው፣ ካርቦኖቹ የሚያሹት የመዳብ አንገት ጠቁሮ ተገኘ። ሽማግሌው ግን ትኩር ብለው ያዩት ሌላ ነገር ነበር። ከመካከል በሚዞረው እምብርት ላይ እንደ ብር የሚያበራ ጭረት ነበር። እምብርቱ በዙሪያው ካለው ብረት ጋር ሊነካካ አይገባውም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከወረቀት ብዙም አይበልጥም። «እየተፋተገች ነበር። ጉልበቷ የሚያልቀው እርስ በርሷ ስትታገል ነው» አሉኝ። ምክንያቱን ለማሳየት ጣቴን ይዘው በካምቢዮው ላይ ወዳለው ባዶ ቀዳዳ አስገቡት። እዚያ ውስጥ ቦኮላ የሚባል የነሐስ ቀለበት አለ፤ የሞተሪኖዋ ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ክብ መሆን የነበረበት ቀዳዳ ለጣቴ እንደ እንቁላል ሆኖ ተሰማኝ። ቀለበቱ ስለተበላ ዘንጉ አዘነበለ፤ ዘንጉ ሲያዘነብል እምብርቱ ተፋተገ፤ ሲፋተግ ባትሪው ሁሉ ቢፈስላትም አልዞር አለች።

«ብዙ ሰው ሞተሪኖዋን ይለውጣል» አሉ፤ «ቦኮላው ግን ከእርሷ ጋር አብሮ አይወጣም፤ ካምቢዮው ውስጥ ይቀራል። ማንም አያየውም። አዲሷን አምጥተው በተበላው ቀለበት ላይ ያስቀምጧታል፤ እሷም በዓመቷ ታረጃለች። ከዚያ ‹የዘንድሮ ዕቃ አይረባም› ይላሉ።»

ሽማግሌው የተናገሩት ስለ መኪና ብቻ ነው፤ ምሳሌ መስጠታቸው አልነበረም። እኔ ግን እማዬን አሰብሁ። እኛ በአዲሱ ቤት ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ እንቅልፏ ስንጨነቅ ነበር የከረምነው። ጫፏን ይዞላት የነበረውን ቀለበት ግን ማናችንም አላሰብነውም፤ በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረምና።

ጥገናው ሦስት ቀን ፈጀ። አሮጌው ቦኮላ ከውስጡ ጥርስ ወጥቶለት በብሎን ተጎትቶ ወጣ። አዲሱ ዘይት የሚጠጣ ዓይነት ነሐስ ነው፤ ሌሊቱን በሞተር ዘይት ተነክሮ አደረ። የመዳቡ አንገት ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላጠ፤ ካርቦኖቹ ከሌላ ሞተሪኖ መጥተው በሞረድ ተስተካከሉ። የተከፈለው ሁሉ ተደምሮ ለ12 ቮልቱ ቮላኖ ከተጠየቅሁት ያነሰ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንደገና እጄን ወደ ጨለማው ሰደድሁ፤ ዳዶው ጠበቀ፤ ሽማግሌው ከሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «በል አዙራት» አሉ።

አዞርኳት። ትንሿ ሞተር ጥርሷን ወደ ቮላኖው ገፋች፤ ነከሰች፤ አዞረች። ትልቁ ሞተር ተቀበላትና ነደደ። እርሷም ወዲያው ለቅቃ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሁሉም ነገር ከሁለት ሰከንድ አልበለጠም። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አስነስተው አጠፉ፤ ሦስት ጊዜ አዳመጡ። ደስ አለኝ። ከደስታው ጋር ግን የመጣ አንድ ስም የሌለው ስሜት ነበር፤ ለካ ለዓመታት መኪናዋ ስትነሳ ከኋላዬ የሰው ድምፅ መስማት ለምጄ ነበር።

በሚቀጥለው የዕድር እሑድ እማዬ ጋቢና ገባች። ቁልፉን አዞርሁ፤ ተነሳች። እማዬ የኋላውን መስኮት ዞራ ተመለከተችና፣ «ማን ገፋን?» አለች።

«ማንም እማዬ። ተሠራች።»

«እሰይ» አለች፤ ከዚያ ግን እስከ ቀለበት መንገዱ ድረስ ዝም አለች።

ዕድሩ የተሰበሰበበት ግቢ ከመንገዱ ጫፍ በስተላይ ነው፤ ወደ ታች የሚወርድ ጥቂት ቁልቁለት አለው። ከልማድ የተነሳ ይሁን ወይም ቦታው ስለጠበበ አላውቅም፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ አቆምኳት። ስብሰባው አልቆ፣ መዋጮው ተከፍሎ፣ የሟች ጎረቤታችን ስም በጸሎት ከተነሳ በኋላ፣ እማዬ የቀሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ስማ ተሰናበተች። መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን ስንዘጋ ከኋላ የእግር ኮቴ ሰማሁ። የድሮዎቹ ልጆች ናቸው። አንዱ ዛሬ የልጅ አባት ነው፤ አንዱ መነጽር አድርጓል። ሳይጠሩ መጥተው እጃቸውን ከኋላ ክዳኑ ላይ አሳርፈዋል፤ ስለ ትናንቱ ኳስ ክርክር ጀምረዋል።

አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ተሠርታለች፣ አትድከሙ» ልላቸው ስል የእማዬ እጅ ክንዴን ያዘኝ።

«ተዋቸው» አለችኝ በቀስታ፤ «ይግፉ።»

ቁልፉን እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ አዞርኩት። ማርሹን ሁለተኛ ላይ አደረግሁ፤ ፍሪሲዮኑንም ረግጬ ጠበቅሁ።